ከሄቪ ሜታሉ ልጅ ጋር ስማዳ የሄድን ጊዜ

ጡረታ ስወጣ ጆሮዬም አብሮኝ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። አላረፈም። የጎረቤት በር ሲያቃስት እሰማና ዘይት ይዤ ልሄድ እነሣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ድምፅ ማጉያው ማፏጨት ሲጀምር ከዲያቆኑ ቀድሜ የምሰቀቀው እኔ ነኝ። ባለቤቴ "አስማረ፣ እስኪ አንድ ቀን እንኳ አርፈህ ተቀመጥ" ትለኛለች። እቀመጣለሁ፤ እግሬ ግን አይቀመጥም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ስቀዳ ኖሬ፣ ያለ ሥራ ቁጭ ብሎ መስማት አልቻልኩበትም። ይህንንም የምጽፈው እጄ ሥራ ፈትቶ ስላስቸገረኝ ነው።

የተወለድኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ሥራ የጀመርኩትም እዚያው፣ የድምፅ ማጉያ ተሸካሚ ሆኜ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ "የድምፅ ባለሙያ" ይላል፤ ደመወዜ ግን የተሸካሚ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ሥራን የሚለካው በጩኸት ነው። ስለ እርከን ሥራ ገበሬውን ቀስቅሱ ብሎ አርብ ገበያ ይልከንና "ከገበያው ማዶ ያለ ሰው ካልሰማ አልሠራችሁም" ይለናል። እኔም ሞንታርቦውን እስከ ጥጉ እከፍተዋለሁ። የታሰሩት አህዮች ደንግጠው አንድ ላይ ያናፋሉ፣ ገበያተኛው ጆሮውን ይይዛል፣ እርከኑን የሚሰማ የለም። አንድ የታች ጋይንት ሽማግሌ ቀረብ ብለው "ልጄ፣ የምትለው ነገር ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ዝቅ ብታደርገው እንሰማህ ነበር" አሉኝ። ዝቅ አደረግሁት፤ አለቃዬም በሳምንቱ ገሠጸኝ።

ሙያውን ያስተማሩኝ አቶ ገላው ናቸው። ደብረ ታቦር የተቀመጡ፣ የአገሩን ዘፈንና ቀረርቶ እየዞሩ በቴፕ የሚቀዱ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው ነበሩ። ረዳት ጎድሏቸው እኔን ከወረዳው ተዋሱኝ፤ ሳይመልሱኝ ቀሩ። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ከእሳቸው ጋር በእግርም በጭነት መኪና ላይም አዳረስኩ።

አቶ ገላው የሰው ቤት ሲገቡ መሣሪያውን አያወጡም። ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፣ ስለ ገብሱ ይጠይቃሉ፣ የታመመ በሬ ካለ ወጥተው ያዩታል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በሆዴ "ቶሎ በሉ እንጂ" እላለሁ። ጨዋታው ሲደምቅ ተነሥተው አንዴ ያጨበጭቡና ግድግዳው ድምፁን እንዴት እንደሚመልሰው ያዳምጣሉ። ካላማራቸው ዘፋኙን ጭድ ወደተከመረበት ወስደው ያስቀምጡታል፤ ጭድ ድምፅን ያለሰልሳል። የጉና ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም ባትሪውን እብብታቸው ውስጥ ይዘውት ያድራሉ። የቴፑን ራስ በአልኮል ይወለውላሉ፤ አልኮል ሲያልቅባቸው ባለቤቱን አረቄ ይለምናሉ። "ይጠጡ እንጂ" ሲባሉ "ለእሱ ነው" ብለው ቴፑን ያሳያሉ፤ አረቄ የሚጠጣ ቴፕ አለ ተብሎ በየመንደሩ ተወርቷል።

ከሁሉ አጥብቀው የሚጠብቁት ግን አንድ ነገር ነበር። የቀዱትን ድምፅ ራሳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሰሙት ለማንም አያሰሙም። ዘፋኙ "እስኪ የራሴን አሰሙኝ" ብሎ ቢለምናቸው እንኳ ወደ ዳር ይወጣሉ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ሁሉንም ሰምተው ይመለሳሉ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ሰው ጆሮ ላይ የምታደርገውን ቀድመህ እወቀው። ከሰማ በኋላ እንዳልሰማ ልታደርገው አትችልም" አሉኝ። የሽማግሌ ጥንቃቄ መስሎኝ ሰምቼ አለፍኩት።

አንድ ጊዜ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም ወጣን፤ የድጓ መምህሩን ልንቀዳ። አቶ ገላው ቀኑን ሙሉ ከተማሪዎቹ ጋር ሣር ላይ ተቀምጠው ዜማውን ሲሰሙ ዋሉ። ወደ ማምሻው መምህሩ የቴፕ ሳጥናችንን እያዩ "ልጆቼ በቃላቸው ነው የሚይዙት። ይሄ ከያዘላቸው እነሱ ምን ሊይዙ ነው?" አሏቸው። አቶ ገላው "ልክ ብለዋል አባታችን" አሉና ሳጥኑን ሳንከፍት ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ተናድጄ ሄድኩ። ያን ሁሉ ዳገት የወጣነው ለሰላምታ ነው ወይ እያልኩ አጉረመርም ነበር፤ እሳቸው ግን እያዜሙ ይራመዱ ነበር።

አቶ ገላው ሲያርፉ እኔም አገሩ ጠበበኝና አዲስ አበባ ገባሁ። ካሴት እንደ ዳቦ የሚሸጥበት ዘመን ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ማሲንቆ በሰማ ቁጥር "ኪቦርድ ጨምርበት" የሚል ሰው ነበር፤ ዋሽንት ሲሰማም "ኪቦርድ ጨምርበት" ይላል። ሲዲ መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ ፍላሽ መጣ። አለቃ ተቀያየረ፣ ደመወዝ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አለ፣ እኔ ግን ያው መስታወቱ ጀርባ ተቀምጬ የድምፅ መለኪያዋን መርፌ እጠብቃለሁ። መርፌዋ ወደ ቀዩ ከሄደች ድምፁ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ሥራዬ ድምፅ እንዳይሰነጠቅ መጠበቅ ነበር።

እንግዲህ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ናትናኤል ከነባንዱ የመጣው። ጥቁር ካናቴራ፣ እስከ ትከሻ የወረደ ፀጉር፤ ሲናገሩ ግን ከሰንበት ተማሪ የባሱ ጨዋዎች። ሄቪ ሜታል የሚባለውን ነገር በአካል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ናትናኤል ጊታሩን ሲነካው መርፌዋ ቀዩ ላይ ተለጥፋ ቀረች። አስቆምኩትና "ልጄ፣ ድምፅህ ተሰንጥቋል" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሽ አስማረ። ለዚህች ለምትሰነጥቀው ፔዳል ነው የሁለት ወር ደመወዜን ያወጣሁት" አለኝ፣ እግሩ ሥር ያለችውን መርገጫ እያሳየ።

ከዚያ ደግሞ ማይክ ይዞ ሲያገሣ ከወንበሬ ተነሣሁ። የታመመ ሰው መስሎኝ ነው። ሲጨርስ ውኃ ጠጥቶ "እንዴት ነው?" አለኝ። ግን ልጁን መጥላት አልቻልኩም። አንዲት ነጠላ ድምፅ እስክትስተካከል ድረስ የማይቀመጥ ሰው ነው፤ በዚህ በኩል እኔኑ ይመስላል። ባንዱ ለዓመታት እኛ ጋ ተመላለሰ፤ ውሎ አድሮ የትኛው ስንጥቅ ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ መለየት ጀመርኩ።

ጡረታ ወጥቼ ግቢ ውስጥ ስንቆራጠጥ ናትናኤል ቤቴ መጣ። ከባንዱ ውጪ ለብቻው አልበም ጀምሯል። "ሳይድ ፕሮጀክት ነው" አለኝ፤ የጎን ሥራ ማለቱ ነው። ጓደኞቹ ጥሎን ሊሄድ ነው ብለው አኩርፈዋል። አልበሙ ስለ አባቱ ነው። አቶ አያሌው የስማዳ ሰው ናቸው፤ ያረፉት አዲስ አበባ፣ መንገዱ ተዘግቶ ስልኩም ተቋርጦ በነበረበት ዓመት ነው። ከአገር ሰው ሳይመጣ እዚያው ተቀበሩ። ናትናኤል እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ስማዳን የሚያውቀው በልጅነቱ አንድ ክረምት ሄዶ ነው።

"ለቅሶው ላይ አልቃሽ መጥታ ነበር፤ በስልክ ቀድቼዋለሁ። ጊታርም ሠርቼበታለሁ" አለኝ። "ግን ልክ አይደለም። ሙሾውን አክስቴ እንድታወርድልኝ ነው የምፈልገው።"

አክስቱ፣ የአባቱ አንዲት እኅት፣ እትየ ብርቄ ናቸው። ስማዳ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎ ተልኮ የሚጠሩ አልቃሽ መሆናቸውን ከአቶ ገላው ጋር በምዞርበት ዘመን ሰምቻለሁ፤ ሳላገኛቸው ቀርቼ ይቆጨኝ ነበር። "የወንድማቸውን ዕረፍት ሰምተዋል?" አልኩት። የስማዳዋ ከተማ ወገዳ የሚኖር ባይህ የሚባል የአጎቱ ልጅ አለ፤ "ተነግሯታል" ብሎታል። እኔ ይህን ስሰማ ባለቤቴ ጓዳ ቆማ "ጡረታ ወጥተሃል እኮ" ትለኛለች። ሻንጣዬን አውርጄ ገመድ መጠቅለል ጀምሬ ነበር።

ወገዳ ስንደርስ ባይህ ስልኩን አያነሣም። ቤቱ ስንሄድ ገበያ ሄዷል ተባልን። ጠብቀን ስናጣው በሰው በሰው እየጠየቅን ወደ በሽሎ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ሄድን፤ መኪና የማይገባበት ስንደርስ ዕቃውን በአህያ ጭነን እትየ ብርቄ ቤት ደረስን።

እትየ ብርቄ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ሰው ላይ የሚቆይ ሴት ናቸው። ናትናኤልን አገላብጠው ሳሙት። "እናትህ ደህና ናት? እኅትህስ፣ ወለደች? ሥራህ ደህና ነው? መንገዱ አላንገላታችሁም?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የማያውቋቸውን ልጆቼንና ሚስቴን ደህንነት ጠየቁኝ። በኛ አገር ሰላምታ ማንም አይቀርም፤ በሬው እንኳ ይጠየቃል። ስለ አቶ አያሌው ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። ናትናኤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አየህ፣ ተነግሯታል" አለኝ። እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ። ተነግሯቸው ሐዘኑን መቀስቀስ ያልፈለጉ መሰለኝ።

ሥራ ጀመርን። ጭድ ካለበት ጥግ አስቀምጬ፣ ከጀርባቸው ጋቢ ሰቅዬ፣ ማይኩን ከአፋቸው ትንሽ ገለል አድርጌ ቀዳኋቸው። የወፍጮ እንጉርጉሮ አሉ፣ የሠርግ ዘፈን አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ነው፤ ግን መጨረሻውን አይጥሉትም፣ ይዘውት ይሄዳሉ። ጎረቤት ሴቶች እየመጡ ይቀበሏቸዋል። ናትናኤል ፊቱ በርቶ ነበር። በማግስቱ ድፍረት አገኘና "አክስቴ፣ ሙሾ ብታወርጅልኝ" አላቸው።

እትየ ብርቄ ትክ ብለው አዩት። "ማን ሞተና?" አሉ።

ናትናኤል ግራ ገባው። "እንዲሁ… ለአልበሙ" አለ።

"እንዲሁ የሚወርድ ሙሾ የለም። ማን ሞተና ነው የማወርደው?" አሉ ደግመው፤ አሁንም ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሡም። ከሴቶቹ አንደኛዋ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች፤ እንስራው ሙሉ መሆኑን አይቼ ነበር። ናትናኤል አፍሮ አጎነበሰ። ልጁ ያለ ሐዘን ሙሾ መጠየቅ ነውር መሆኑን ያልተረዳ የከተማ ልጅ ነኝ ብሎ ነው ያፈረው። እኔም እንደዚያ ነው የተረዳሁት፤ ሁለታችንም ተሳስተናል።

ከሰዓት በኋላ ናትናኤል ስልክ ይሠራል የተባለበት ጉብታ ላይ ባይህን ልሞክር ብሎ ወጣ። እትየ ብርቄ "ከዚያ ድረስ መጥቶ እኔን ብቻ ያስለፈልፋል? እስኪ የእሱን ያሰሙኝ" አሉኝ። ልጁ ከመሄዱ በፊት "የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልታሰማት ትችላለህ" ብሎኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ማዳመጫውን ሻሻቸው ላይ ደፋሁላቸው።

"ይሄ ምንድነው፣ ወፍጮ ነው?" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። "የሞተር ወፍጮ ነው እንጂ። አሁንስ ገብስ አስገቡበት መሰለኝ።" እኔም ሳቅሁ፤ አልተሳሳቱማ። ሁለተኛውንም ሰሙ፤ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምት ይመቱ ጀመር። ሲያልቅ "ሌላስ?" አሉ።

ሦስተኛ ነበረ። አልሰማሁትም። ናትናኤል ገና አላለቀም ብሎ ሳያሰማኝ ያቆየው ነው። አቶ ገላው ቢሆኑ ኮምፒውተሩን ይዘው ወደ ዳር ይወጡ ነበር። የእኔ እጅ ግን መጠበቅ አያውቅም፤ ሴትዮዋ "ሌላስ?" ሲሉ ጣቴ ተጭኖ ጨርሷል።

ጊታሩ ጀመረ፤ ከማዳመጫው ጠርዝ ትንሽ ይሰማኛል። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። የለቅሶው ቅጂ መሆኑን ለየሁት። የእትየ ብርቄ ጣት ቆመ። ላወልቅላቸው እጄን ስዘረጋ እጄን በእጃቸው ገፉት። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ይህች ሴት የየት አገር ሰው ናት?" አሉኝ።

"አላውቃትም። አዲስ አበባ ነው የተቀዳው።"

"አያሌውን ረዥም ነው አለችው። ወንድሜ ረዥም አልነበረም። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነበር። ዝም ብላ ለሰው ሁሉ የምትለውን ነው ያለችለት።"

ስሙን ሲሰሙ ሴቶቹ ደነገጡ። አንዷ አፏን ያዘች፤ ሌላዋ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሣች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእትየ ብርቄ መርዶ አልተነገረም፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ከእሳቸው ተደብቋል፣ እኔ ደግሞ በማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ከተትኩት። በሥራ ዘመኔ ቴፕ አጥፍቻለሁ፣ ማይክ አቃጥያለሁ፣ የሰው ሠርግ ሳልቀዳ ቀርቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም።

"ዝም በሉ" አሉ እትየ ብርቄ ለሴቶቹ። "ማንም ምንም አልነገረኝም። እኔ የሰማሁት ወፍጮ ነው።"

ናትናኤል ሲመለስ ሁላችንም እንደተቀመጥን አገኘን። ፊታችንን አይቶ በሩ ላይ ቆመ። እትየ ብርቄ ወደ ራሳቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ስለ አባትህ ለምን እንዳልጠየቅሁህ ታውቃለህ? ብጠይቅህ እንደነዚህ 'ደህና ነው' ትለኛለህ ብዬ ነው። ከወንድሜ ልጅ አፍ ውሸት መስማት አልፈለግሁም። ሙሾ ስትለኝ ደግሞ ሊነግረኝ ነው ብዬ 'ማን ሞተና?' አልኩህ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ። እንዲሁ ነው አልከኝ።"

"አክስቴ፣ ተነግሯታል ተብዬ ነው" አለ ናትናኤል።

"አልተነገረኝም። አውቃለሁ ግን።"

እንዴት እንዳወቁ የነገሩን ሴቶቹ እየሰሙ ነው። ስልኩ ሲከፈት ባይህ ከሰው ሁሉ ጋር ያገናኛቸዋል፤ አያሌው ጋ ሲደርስ ኔትወርክ የለም ይላል። ያ ብቻ አልነበረም። "የሰው ለቅሶ ላይ ቆሜ ሳወርድ ሴቶቹ ሬሳውን ትተው እኔን እያዩ ማልቀስ ጀመሩ" አሉ። "አልቃሽ ነኝ። ሰው ለማን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። ለእኔ ሐዘን ነበር የሚያለቅሱት፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላለቀስኩት።"

ባይህ ሊነግራቸው መጥቶ ነበር አሉ። ያኔ ልባቸውን አሟቸው ተኝተው ስላገኛቸው ሽማግሌዎቹ ይሻላት ብለው መለሱት። ሲሻላቸው አጨዳ ደረሰ፤ ከአጨዳው በኋላ ጾም ገባ። ከዚያ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈራቸውና በሩን ለማንኳኳት የሚደፍር ጠፋ። እትየ ብርቄም ራሳቸው ተነሥተው ማልቀስ አይችሉም። መርዶ ሳይነገረው በሰው ላይ የሚያለቅስ ያሟርታል፤ አልቃሽ ስትሆን ደግሞ ይብስባታል። "ለስማዳ ሰው ሁሉ ሳወርድ ለወንድሜ አንድ ስንኝ አላልኩም" አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

ናትናኤል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። "አሁን አይደለም። ነገ ጠዋት በወጉ ኑ። የንስሐ አባቴንም ሽማግሌዎቹንም ይዘህ ና። ነጋሪው አንተ ነህ።"

"እኔ አልችልም አክስቴ። አላውቅበትም።"

"ልጁ ነህ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እሰደባለሁ ብዬ ጠበቅሁ። "እርስዎም ያንን ዕቃ ይዘው ይምጡ። ያቺን ረዥም ያለችውን ያጥፉልኝና የእኔን ያስቀምጡለት።"

ያን ምሽት ናትናኤል መቀመጥ አልቻለም፤ እኔም አልቻልኩም። እርከኑን እየተከተልን ወዲያ ወዲህ አልን። "ምን ብዬ ነው የምጀምረው?" ይለኛል። "እግዚአብሔር ያጽናሽ በል፤ ከዚያ ዐርፏል በል" እለዋለሁ። ድንጋይ ካብ ፊት ቆሞ ይሞክረዋል፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ግማሹ ላይ ይቀራል። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት የሚያገሣ ልጅ ለድንጋይ መናገር አቃተው። ባይህ ሲመሽ ከወገዳ ደረሰ። ናትናኤል ሊጣላው ተነሣና የባይህን ፊት ሲያይ ተወው። ባይህም አብሮን ይመላለስ ጀመር።

አልበሙ አሁን ወጥቷል። የሰሙት ወጣቶች መጨረሻው ላይ ያለው ጊታር የሌለበት ክፍል ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። የዚያ ጠዋት ነው።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። የንስሐ አባታቸው ከፊት፣ ናትናኤል ከእሳቸው አጠገብ፣ ሽማግሌዎቹና ባይህ ከኋላ፤ ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ጥጉን ቆመዋል። እኔ ማይኩን በዱላ ላይ አስሬ ከበሩ ጎን ቆምኩ። ጩኸት እንደሚመጣ ስለማውቅ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፍቻለሁ። ቄሱ አንኳኩ። ውሻው ጮኸና ዝም አለ።

እትየ ብርቄ በሩን ከፈቱ። የዘወትር ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ ገብስ የሚያበጥሩበት ሰፌድ አለ። አንድ በአንድ አዩን።

"ምነው አባቴ በጠዋት? በደህና ነው?" አሉ።

ሲያስመስሉ አልነበረም። ብዙ መርዶ ላይ ቆሜአለሁ፤ እንደዚያ የፈራ ፊት አላየሁም። ቄሱ ናትናኤልን አዩት። ናትናኤል አፉን ከፈተ። በማዳመጫው ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ምላሱ ሲደርቅ ይሰማኛል፤ ቃል ግን የለም። ድምፁን ከፍ አደረግሁለት፤ አሁንም ትንፋሽ ብቻ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። እትየ ብርቄ ጠበቁት።

"ማን ምን ሆነብን፣ ልጄ?" አሉት።

"አባቴ" አለ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ አክስቴ። አባቴ ዐርፏል።"

ጣቴን ማስተካከያው ላይ አድርጌ ጩኸቱን ጠበቅሁ። ሴቶቹም እጃቸውን ወደ ደረታቸው አንሥተው ጠበቁ። እትየ ብርቄ አልጮኹም።

"መቼ?" አሉ።

ማንም ያላሰበው ጥያቄ ነበር። ወንድማቸው መሞቱን ያውቁ ነበር፤ ቀኑን ግን አያውቁም። በየትኛው ዕለት እንደሚዘክሩለት፣ በየትኛው ታቦት ስሙን እንደሚያስጠሩ ሳያውቁ ነው እስካሁን የኖሩት።

"በአስተርዮ ማርያም" አለ ናትናኤል። "መንገዱ በተዘጋ ዓመት።"

"በአስተርዮ ማርያም?"

"አዎ።"

ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። "ሠርግ ቤት ነበርኩ" አሉ። "የጎረቤቴን ልጅ ስድር። ጀምበር እስክትጠልቅ እልል ስል ነው የዋልኩት።"

ከዚያ እትየ ብርቄ ጮኹ።